የዕውቅና ስክሪናችንን ማንም አያየውም፤ ተች ስክሪን እንግዛ?

ጥያቄው የመጣው ከአንድ ትምህርት ቤት አስተዳደር አባል ነው። እንዲህ ይላል፦

«መግቢያ አዳራሻችን ውስጥ 65 ኢንች ቴሌቪዥን ሰቅለናል። የተሸላሚ ተማሪዎችን፣ ጡረታ የወጡ መምህራንንና የለጋሾችን ፎቶ በየተራ ያሳያል። መጀመሪያ ላይ ሰው ይሰበሰብ ነበር። አሁን ዞር ብሎ የሚያየው እንኳ የለም። አስተዳደሩ በትልቅ ተች ስክሪን ሊቀይረው፣ የጥያቄና መልስ ጨዋታ ሊጨምርበት፣ ከተቻለም የገባውን ሰው ፊት ለይቶ በስሙ ሰላም የሚል ካሜራ ሊገጥምለት አስቧል። ገንዘባችን ብዙ አይደለም። ማሳያውን በእውነት አሳታፊ የሚያደርገው ምንድን ነው? ከየትስ እንጀምር?»

ተች ስክሪኑን ለጊዜው ተዉት። የገለጻችሁት ችግር ከስክሪኑ የመጣ አይደለም፤ ስክሪኑ ላይ ካለው ነገር የመጣ ነው። አሁን የሚዞረውን ስላይድ እንዳለ ወስዳችሁ ተች ስክሪን ላይ ብትጭኑት፣ ልጆች ለጥቂት ሳምንት ይነካኩታል። ከዚያ ሁሉም ወደነበረበት ይመለሳል። የሚተርፋችሁ ወጪው ብቻ ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። 200 ሰዎች አሏችሁ እንበል። እያንዳንዱ ፎቶ 10 ሰከንድ ይቆያል። አንዱ ዙር 2,000 ሰከንድ ይፈጃል፤ ከ33 ደቂቃ በላይ ማለት ነው። እህቷ ከዓመታት በፊት የተሸለመችላት ተማሪ ያንን ፎቶ ለማየት በአማካይ 16 ወይም 17 ደቂቃ ቆማ መጠበቅ ይኖርባታል። ደወል ሊደወል ሲል ማን ይጠብቃል? አላፊ አግዳሚው ደግሞ ስክሪኑ ፊት የሚያሳልፈው ጥቂት ሰከንድ ነው። በዚያች ቅጽበት አንድ የማያውቀውን ፊት ያያል። በማግሥቱ ሌላ የማያውቀው ፊት። ብዙም ሳይቆይ ዓይኑ ስክሪኑን መዝለል ይለምዳል።

ይህ በእናንተ ብቻ የደረሰ አይደለም። ዮርግ ሙለር የተባለ ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው ጥናት፣ ሰዎች የአደባባይ ስክሪን ላይ የሚጠቅማቸውን ነገር እንደማያገኙ አስቀድመው ስለሚገምቱ ጭራሽ እንደማያዩት አሳይቷል። ግምቱ የሚመጣው ከልምድ ነው። የእናንተም ስክሪን «እዚህ አንተን የሚመለከት ነገር የለም» እያለ ከርሟል። ሰዉም ሰምቶታል።

ማየት ብቻውን ደግሞ አይበቃም። ሰውየው ስክሪኑ እንደሚነካ ማወቅ አለበት። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነገር ሁሉ ለብዙ ሰው ቴሌቪዥን ነው። ካወቀም በኋላ ሐፍረት አለ። ትምህርት ቤቶች ብዙ ጊዜ የሚረሱት ይሄን ነው። ሃሪ ብሪግነልና ኢቮን ሮጀርስ እ.ኤ.አ. በ2003 ስለ ትልልቅ የጋራ ስክሪኖች ሲጽፉ፣ ሰው በሌሎች ፊት ሲነካካ መታየትን እንደሚያፍር አስተውለዋል። በአንጻሩ ሁለት ሦስት ሰው ከተሰበሰበ ሌላውም ይሳባል። ስለዚህ የቦታ ምርጫ ቀላል ነገር አይደለም። ሰው እየተጣደፈ በሚያልፍበት ኮሪደር መሃል አትስቀሉት። ወላጆች ተራ በሚጠብቁበት፣ ተማሪዎች በዕረፍት ሰዓት በሚቆሙበት ቦታ አድርጉት። ሦስት ሰው ጎን ለጎን ቢቆም መንገድ የማይዘጋበት ይሁን። ከመስኮት ፊት ለፊትም አይሁን። የቤት ቴሌቪዥን ብርሃን ብዙውን ጊዜ ከ250 እስከ 350 ኒት (የስክሪን ብርሃን መለኪያ) ነው። ፀሐይ በቀጥታ በሚያርፍበት ቦታ ለዚህ ብርሃን ምንም ተስፋ የለም፤ እዚያ የሚሠሩት 2,000 ኒት እና ከዚያ በላይ የሆኑት ናቸው፤ ዋጋቸውም ሌላ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አሳታፊነት ጣትን ከስክሪን ጋር ከማገናኘት ብዙ ይሰፋል። ዋሽንግተን ያለውን የቬትናም ጦርነት መታሰቢያ ውሰዱ። እ.ኤ.አ. በ1982 የተመረቀ ነው። ጥቁር ድንጋይ ላይ ከ58,000 በላይ ስሞች ተቀርጸዋል። ስክሪን የለውም። ስሞቹ የተደረደሩት በፊደል ተራ ሳይሆን ሰዎቹ በሞቱበት ወይም በጠፉበት ቀን ቅደም ተከተል ነው። ስለዚህ ጎብኚው የስም ማውጫውን ይከፍታል፤ የትኛው ሰሌዳ፣ ስንተኛው መስመር እንደሆነ ያያል፤ ሄዶ ያገኘዋል። ከዚያ ወረቀት ደርቦ በእርሳስ እየፈተገ የስሙን ቅጂ ይዞ ይሄዳል። ፈለገ፣ አገኘ፣ ይዞ ሄደ። እኔ የማውቃቸው አብዛኞቹ ባለ ተች ስክሪን ማሳያዎች ይህን ያህል አሳታፊ አይደሉም።

ኒው ዮርክ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2011 የተከፈተው የሴፕቴምበር 11 መታሰቢያ ሌላ ትምህርት አለው። 2,983 ስሞች አሉት። እነዚህም በፊደል ተራ አልተደረደሩም። ቤተሰቦች «የእኔን ሰው ከእገሌ አጠገብ አድርጉልኝ» ብለው እንዲጠይቁ ተደረገ። ከ1,200 በላይ ጥያቄ ቀረበ። አብረው ይሠሩ የነበሩ፣ ጓደኛሞች፣ ዘመዳሞች ጎን ለጎን ሰፈሩ። ስሙ ያለበትን ቦታ ለማግኘት ደግሞ እዚያው የኤሌክትሮኒክ ማውጫ አለ። እነዚህ የሐዘን ቦታዎች ናቸው፤ የእናንተ ማሳያ የደስታ ነው። ሰው ይዞት የሚመጣው ጥያቄ ግን አይለያይም። የእኔ ሰው የት አለ? ከማን ጋር ነበር? ምን አድርጎ ነው ስሙ እዚህ የተጻፈው? ማሳያችሁ ለእነዚህ በአንድ ደቂቃ ውስጥ መልስ ከሰጠ አሳታፊ ነው። ካልሰጠ ምንም ዓይነት መሣሪያ አያድነውም።

አሁን ያለው ለምን መልስ እንደማይሰጥ ልንገራችሁ። ስላይዶቻችሁ በፓወርፖይንት የተሠሩ ይመስለኛል፤ ስምና ዓመተ ምሕረቱም ፎቶው ላይ ተጽፏል። ፎቶ ላይ የተጻፈ ጽሑፍ ለኮምፒውተር ቀለም ነው እንጂ ስም አይደለም። ሊፈለግ፣ ሊደረደር፣ ከሌላው ጋር ሊገናኝ አይችልም። የመጀመሪያው ሥራ ይህን ማፍታታት ነው። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ መስመር ያለው ሰንጠረዥ አዘጋጁ። ኤክሴል ይበቃል። ሙሉ ስም፣ ሰዉ የሚያውቀው ሌላ ስም ካለ እሱም፣ ዓመት፣ የዕውቅናው ዓይነት፣ የፎቶው ፋይል ስም፣ አጭር ታሪክ፣ ያስተማረው መምህር ወይም የነበረበት ቡድን፣ የፈቃድ ሁኔታ፣ መረጃው የታደሰበት ቀን። ይህ አሰልቺ ሥራ ነው። ማንም ሪባን አይቆርጥለትም። ከዚህ በኋላ የምትሠሩት ሁሉ ግን ቴሌቪዥንም ሆነ ዌብሳይት፣ ተች ስክሪንም ሆነ የታተመ መጽሔት፣ ከዚሁ ሰንጠረዥ ይወጣል። መሣሪያው ሲያረጅ ሰንጠረዡ ይተርፋል።

ፍለጋው ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ማሳያ የሚወድቀው እዚህ ነው። ስሞቹ በግዕዝ ፊደል ከተጻፉ፣ አንዱ «ኃይሌ» ብሎ ያስመዘገበውን ሌላው «ሐይሌ»፣ ሦስተኛው «ሃይሌ» ብሎ ይፈልገዋል። ኮምፒውተሩ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው ብሎ «አልተገኘም» ይላል። አባት ልጁን ፈልጎ «አልተገኘም» የሚል ሲያነብ ምን እንደሚሰማው አስቡት። መፍትሔው ለባለሙያ ከባድ አይደለም። በፍለጋ ጊዜ ሀን፣ ሐን እና ኀን፣ ሰን እና ሠን፣ አን እና ዐን፣ ጸን እና ፀን እንደ አንድ እንዲቆጥራቸው ማድረግ ነው። ግን ካልጠየቃችሁ ማንም አያደርገውም። በውጭ አገር የተሠራ ዝግጁ ሶፍትዌር ደግሞ ብዙውን ጊዜ ስለዚህ ጉዳይ ምንም አያውቅም።

ኪቦርዱም እንዲሁ። 33ቱ መሠረታዊ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ይሆናሉ። ይህን ሁሉ ስክሪን ላይ ብትደረድሩት ለሰው ዓይን አዋጅ ይሆንበታል። ከዚያ ይልቅ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ብቻ አስነኩት፤ በዚያ ፊደል የሚጀምሩት ስሞች ይዘርዘሩ። ለ200 ወይም ለ500 ሰው ይህ በቂ ነው። ሌላው መግቢያ ዓመት ይሁን። ብዙ ሰው ስም ከመጻፍ ይልቅ «የእኛ ባች» ብሎ ነው የሚጀምረው። በነገራችን ላይ፣ ስም አለመገኘቱ ራሱ ጠቃሚ ነው። ሰው የፈለጋቸውና ያልተገኙ ስሞች ዝርዝር በየወሩ ይውጣላችሁ። በሚቀጥለው ወር ምን መጨመር እንዳለባችሁ ይነግራችኋል።

ከዚያ ታሪኩ። «ታታሪ፣ ጎበዝ፣ ለሌሎች አርአያ የሆነች» የሚል ጽሑፍ ማንም አያነብም፤ ለማንም ይሆናልና። ከአንገት በላይ የሆነ ምስጋና ከሩቅ ይታወቃል። ከ60 እስከ 100 ቃል ይበቃል፤ ግን ውስጡ ለዚያ ሰው ብቻ የሚሆን አንድ ነገር ይኑር። ቤተ ሙከራው ሲቃጠል መሣሪያዎቹን ማን አወጣ? የልጃገረዶች ቡድን ባልነበረበት ጊዜ መጀመሪያ ስሟን ያስመዘገበችው ማን ናት? የለጋሹ ገንዘብ የትኛውን ክፍል ሠራ፣ አሁን እዚያ ማን ይማራል? ከተቻለ የራሱን ድምፅ ጨምሩ፤ ከአንድ ደቂቃ አይብለጥ። ጡረታ የወጣ መምህር በስልክ የተቀዳ 40 ሰከንድ ድምፁ በስቱዲዮ ከተሠራ ፊልም ይበልጣል። ድምፁ በራሱ እንዳይጮህ ግን ጥንቃቄ አድርጉ። ሰው ሲነካው ብቻ ይሰማ፤ ንግግሩም በጽሑፍ ከሥር ይታይ። አዳራሹ ጫጫታ ነው፤ የማይሰማም ሰው አለ።

እያንዳንዱ ታሪክ ወደ ሌላ ሰው የሚወስድ በር ይኑረው። ተማሪዋን ያየ ሰው መምህሯን ይንካ፤ ከመምህሩ ሌሎች ያስተማራቸው ይውጡ፤ ከእነሱ የዚያ ዓመት ቡድን። ሰው ስክሪኑ ፊት የሚቆየው በዚህ ነው። ለአንድ ስም የመጣ ሰው አምስት ስም አይቶ ይሄዳል። በጌጠኛ አኒሜሽን ይህን የመሰለ ነገር አይገኝም።

አሁን ያላችሁን ቴሌቪዥን አትጣሉት፤ ሥራውን ቀይሩለት። ሁሉንም ሰው ማዞሩን ያቁም። በቀን ጥቂት ሰዎችን ብቻ ያሳይ። ጥሩ ፎቶ፣ በትልቅ ፊደል አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ከዚያ ግልጽ ግብዣ፦ «የእርስዎን ባች እዚህ ይፈልጉ»። ከጎኑ ኪው አር ኮድ፣ ማለትም በስልክ ካሜራ ሲነሳ የዌብሳይታችሁን የፍለጋ ገጽ የሚከፍት ምልክት፣ አድርጉ። ይህ ኮድ እ.ኤ.አ. በ1994 ጃፓን ውስጥ በዴንሶ ኩባንያ የተፈጠረው ለመኪና ዕቃ መቆጣጠሪያ ነበር፤ ለእናንተ ደግሞ ከሁሉም ርካሹ መንገድ ነው። የሰዉ ስልክ ራሱ ተች ስክሪን ነው። ኪቦርዱንም ለምዶታል። ሐፍረቱም የለም፤ የሚፈልገውን ማንም አያይበትም። አገናኙን ለእናቱ ሊልክላት ይችላል። አገር ውጭ ያለ የቀድሞ ተማሪም ከዚያው ይገባል።

ኮዱ ግን ስላይዱ ጋር አብሮ እንዳይዞር። ሰው ስልኩን ከኪሱ እስኪያወጣ ስላይዱ ያልፋል። በወረቀት ወይም በፕላስቲክ ታትሞ ከቴሌቪዥኑ ጎን ይቀመጥ። መጠኑን ለመገመት ርቀቱን ለ10 አካፍሉ። ከ2 ሜትር የሚነሳ ከሆነ 20 ሴንቲ ሜትር ይሁን። አገናኙም በራሳችሁ ዌብሳይት አድራሻ ይሁን። ነፃ ናቸው የሚባሉ ኮድ ማመንጫዎች አንዳንዶቹ የሙከራ ጊዜው ሲያልቅ አገናኙን ይዘጉታል። ያኔ ግድግዳው ላይ ያለው ኮድ ወደ ማስታወቂያ ወይም ወደ ባዶ ገጽ ይወስዳል። ኮዱ ገደብም አለው። ስልክ በተከለከለበት ትምህርት ቤት ለተማሪዎች አይሠራም፤ ስማርት ስልክ ለማይዙ አዛውንትም አይሆንም። ተች ስክሪን ቦታ የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው።

ተች ስክሪን የምትገዙበት ጊዜ ሲመጣ 65 ኢንቹን የሚተካ ትልቅ ነገር አትፈልጉ። ከሥሩ ወይም ከጎኑ አነስ ያለ፣ ከ22 እስከ 32 ኢንች የሚሆን ስክሪን በደረት ከፍታ አድርጉ። የሚነካው ትንሹ ነው፤ የተመረጠው ፎቶ ትልቁ ላይ ይታያል። አንዱ ሲፈልግ ሌሎች ያያሉ፤ ይጠጋሉም። ቅድም ያልኩት የመሳሳብ ነገር በዚህ ይሠራል። ግዙፍ ስክሪን ግን ክንድ ያደክማል። ቅርብ ቆሞ ለሚነካው ሰው ደግሞ ከዳር እስከ ዳር አይታይም።

ሁለት ዓይነት ተች በብዛት ታገኛላችሁ። ኢንፍራሬድ የሚባለው በጠርዙ ዙሪያ የማይታይ ጨረር ይዘረጋል፤ ጣት ሲያቋርጠው ቦታውን ያውቃል። ለትልልቅ ስክሪን ርካሽ ነው፤ በጓንትም ይሠራል። ነገር ግን አቧራ ጠርዙ ላይ ሲጠራቀም ወይም ኃይለኛ ፀሐይ ሲያገኘው ይሳሳታል። ካፓሲቲቭ የሚባለው እንደ ስልካችሁ ነው። መስታወቱ ከዳር እስከ ዳር ለጥ ያለ ነው፤ ለማጽዳትም ይመቻል፤ ለአነስተኛ ስክሪን ዋጋውም አያስደነግጥም። ለእናንተ ካፓሲቲቭ ውሰዱ።

የቤት ቴሌቪዥን ገዝቶ ላዩ ላይ የተች ፍሬም መለጠፍ የሚፈትን ቁጠባ ነው። አትሞክሩት አልልም፤ ግን የቤት ቴሌቪዥን ቀኑን ሙሉ እንዲሠራም ሆነ በቁሙ እንዲሰቀል ታስቦ የተሠራ አይደለም፤ ለንግድና ለድርጅት አገልግሎት ሲውል ዋስትናው የሚቀርበትም ብዙ ነው። ለድርጅት የሚሠሩት ላይ በቀን 16 ወይም 24 ሰዓት እንዲሠሩ ተብሎ ይጻፍባቸዋል። ኦሌድ የሚባለውን የስክሪን ዓይነት ደግሞ ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አትግዙ። ለረጅም ሰዓት የማይንቀሳቀስ ዓርማ ወይም ጽሑፍ ካለበት ጥላው ስክሪኑ ላይ ይቀራል።

ከፍታውን በግምት አትወስኑ። የአሜሪካ የ2010 የአካል ጉዳተኞች ተደራሽነት ደረጃ፣ ሰው እጁን የሚዘረጋበት ነገር ሁሉ ከወለሉ ከ38 እስከ 122 ሴንቲ ሜትር ባለው ውስጥ እንዲሆን ይላል። ሕጉ ባያስገድዳችሁም ልኩ ጥሩ ነው። ዊልቸር ላይ ላለ ሰው የሆነው ለሰባት ዓመት ልጅም ይሆናል። ያው ደረጃ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ነገር ወደ መተላለፊያው ከ10 ሴንቲ ሜትር በላይ እንዳይወጣ ይከለክላል። ማየት የተሳነው ሰው በነጭ ዘንጉ የማያገኘው ነገር ፊቱን ይመታዋልና። የጽሑፍና የጀርባ ቀለም ልዩነትም መለኪያ አለው። ደብልዩሲኤጂ የሚባለው የዌብ ተደራሽነት መመሪያ ለተራ ጽሑፍ ቢያንስ 4.5 ለ1 ይጠይቃል። በትምህርት ቤቱ ቀለም ስም ቢጫ ጽሑፍ ነጭ ላይ የሚጽፉ አሉ። አይነበብም፤ በቃ።

ኮምፒውተሩን በኪዮስክ ሁኔታ ዝጉት። ይህ ማለት የእናንተን ማሳያ ብቻ ይከፍታል፤ ወደ ሌላ አያስወጣም። ዊንዶውስም፣ አንድሮይድም፣ ክሮም ኦኤስም አላቸው። ሳትዘጉት ከተዋችሁት ተማሪዎቹ በመጀመሪያው ቀን ዩቲዩብ ይከፍቱበታል፤ አትጠራጠሩ። ሰው ትቶት ሲሄድ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ወደ መጀመሪያው ገጽ ይመለስ። ሌሊት ሌሊት ራሱን አጥፍቶ ያብራ። ኢንተርኔት ቢቋረጥም እንዲሠራ መረጃው እዚያው ኮምፒውተር ላይ ይቀመጥ። በሽልማት ቀን እንግዶች ፊት «ግንኙነት የለም» የሚል ጥቁር ስክሪን ከማንኛውም ያረጀ ሰሌዳ የባሰ ነው።

ስለ ጨዋታው፣ ነጥብ የሚያስቆጥር የጥያቄና መልስ ውድድር አልመክርም። ለጥቂት ቀን ያዝናናል። መልሱ ከታወቀ በኋላ ማን ይመለሳል? ከሞቱ መምህራን ፎቶ ጎን የነጥብ ሰንጠረዥ ማየትም ደስ አይልም። ከጨዋታ ሁሉ የሚበልጥ አንድ ነገር አለላችሁ፤ ያውም በነፃ። እያንዳንዱ የቆየ ትምህርት ቤት መሳቢያ ውስጥ ስማቸው የማይታወቅ ሰዎች ያሉበት የቡድን ፎቶ አለ። ያንን አውጡትና «ከኋላ ሦስተኛው ማን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አዛውንት ወላጆች ቆመው ይከራከሩበታል። የቀድሞ ተማሪዎች ከያሉበት ይጽፋሉ። ጎብኚው ተመልካች መሆኑ ቀርቶ አበርካች ይሆናል። የመጣው ሁሉ ግን በቀጥታ ስክሪን ላይ እንዳይወጣ። አንድ ሰው አይቶ ያጽድቀው። ይህን የዘለለ ትምህርት ቤት ከሳምንት በኋላ የሰው ስድብ በትልቅ ፊደል ያነባል።

ፊት የሚለየውን ካሜራ ግን ሙሉ በሙሉ እርሱት። እዚህ ላይ አማራጭ አላቀርብም። ስዊድን ውስጥ የሼሌፍቴዮ ከተማ አስተዳደር በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የ22 ተማሪዎችን መገኘት በፊት መለያ ካሜራ ለጥቂት ሳምንት ሞከረ። የአገሪቱ የመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2019 የ200,000 ክሮና ቅጣት ጣለበት። ፈቃድ ተጠይቆ ነበር። ባለሥልጣኑ ግን ተማሪ በትምህርት ቤቱ ሥር ስላለ እንዲህ ያለው ፈቃድ ነፃ ፈቃድ አይባልም አለ። የእናንተ አገር ሕግ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ምክንያቱ ግን የትም ይሠራል። የልጅን ፊት መዝግቦ በስሙ ሰላም ማለት ምንም ዕውቅና አይጨምርለትም። የይለፍ ቃል ይቀየራል፤ ፊት አይቀየርም።

በተራው ፎቶ ላይም ጠንቀቅ በሉ። ለልጆች የወላጅ ፈቃድ በጽሑፍ ይኑር፤ አዳራሽ ውስጥ ማሳየትና ኢንተርኔት ላይ ማውጣት ለየብቻ ይጠየቅ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የትውልድ ቀን፣ አድራሻ፣ ስልክ አይውጣ። ፈቃድ እስኪመጣ ስምና ዓመት ብቻ ይቀመጥ፣ ወይም ጭራሽ ይቆይ። ለጋሾችም ሁሉም የሰጡት መጠን እንዲታይ አይፈልጉም፤ ጠይቁ። አንድ ቀን ደግሞ «ይህን ሰው አውጡት» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ራሱ ሰውየው ይሆናል፣ ወይም ስሙ በመጥፎ ተነስቶ ሌላ ሰው ይሆናል። ማን እንደሚወስን ከወዲሁ ጻፉት። ነገሩ ከጋለ በኋላ መወሰን አስቸጋሪ ነው።

መሣሪያው ከተገዛ በኋላ ያለውን ወጪ ማንም በበጀት አይይዘውም። ትልልቅ ተቋማት እንኳ ከዕድሳት አያመልጡም። የክሊቭላንድ የሥነ ጥበብ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2013 ጋለሪ ዋን የተባለ ክፍል ሲከፍት 40 ጫማ ርዝመት ያለው፣ 12 ሜትር ገደማ የሚሆን የሚነካ ግድግዳ ሠራ። ከ4,100 በላይ የጥበብ ሥራዎች ይታዩበት ነበር። ጎብኚው የወደደውን መርጦ ወደ ራሱ ታብሌት ይወስድ ነበር፤ እንደ ቬትናሙ ወረቀት። ድንቅ ሥራ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2017 ክፍሉን እንደገና አደራጅተው ከፈቱት። ገንዘብና ባለሙያ ያለው ሙዚየም በአራት ዓመት ውስጥ ካደሰ፣ እናንተም ዕድሳት እንደሚመጣ አስቡ። ከሁሉ በፊት ግን አንድ ባለቤት ስጡት። ኮሚቴ አይሁን፤ ስሙ የሚታወቅ አንድ ሰው። በወር ጥቂት ሰዓት ከሥራው ይታሰብለት። ከሽልማት ሥነ ሥርዓት በኋላ በሳምንት ውስጥ አዲሶቹ ስሞች ካልገቡ ተሸላሚዎቹ ራሳቸው ማየት ያቆማሉ። ይህን ሰው ካላገኛችሁ ገንዘቡን ለጥሩ የነሐስ ሰሌዳ አውሉት። አሽሙር አይደለም። ሰሌዳ መብራት ሲጠፋም ይነበባል።

ምክሬ እንግዲህ እንዲህ ነው። ለአንድ መንፈቅ ዓመት ምንም መሣሪያ አትግዙ። ሰንጠረዡን ሥሩ፣ ቢያንስ 50 ጥሩ ታሪኮችን ጻፉ፣ ፍለጋ ያለው ቀላል ዌብሳይት አውጡ፣ ቴሌቪዥኑን ወደ ግብዣነት ቀይሩ፣ ኮዱን አትሙ። ያላችሁን ገንዘብ ግማሹን ለይዘት መድቡ፤ ፎቶ ለሚያጸዳ፣ ቃለ መጠይቅ ለሚያደርግ፣ ለሚጽፍ። ተማሪዎችን አሠማሩ፤ ለታሪክና ለቋንቋ ክፍለ ጊዜ ከዚህ የተሻለ ሥራ የለም። ከዚያ ቁጠሩ። በሳምንት ስንት ሰው ፈለገ? ምን ፈለገ? ከአንድ ስም ወደ ሌላ ያለፈው ስንቱ ነው? ሰው በስልኩ እየፈለገ ከሆነና ስልክ የሌላቸው ተማሪዎችም «እኛስ?» ማለት ከጀመሩ፣ ያኔ ትንሹን ተች ስክሪን ግዙ። በስልክ የማይፈለግ ነገር ግድግዳ ላይ ስለተሰቀለ አይፈለግም።

ያኔ ሻጮች ይመጣሉ። የሚያሳዩአችሁ ማሳያ ሁሌም የሌላ ትምህርት ቤት ውብ ፎቶዎች ያሉበት ነው። የእናንተን 20 ሰዎች አስገብቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ፤ ሦስት ዓይነት ፊደል ያላቸውን ስሞች ጨምራችሁ ፈልጉ። ኢንተርኔቱን ነቅላችሁ ይሠራ እንደሆነ እዩ። ከዚያ ሁለት ነገር በጽሑፍ ይስጣችሁ። ዓመታዊ ክፍያውን ብናቆም ስክሪኑ ይጠፋል ወይስ ባለበት ይቀጥላል? መረጃችንን በሙሉ፣ ፎቶውንም ጽሑፉንም፣ በፈለግን ጊዜ በኤክሴልና በፋይል ይዘን መውጣት እንችላለን? «እሱን በኋላ እናየዋለን» ካለ አትፈርሙ።